የመዥገር ክኒኑን በሴፕቴምበር አታቁሙ፦ የፎል የውሻ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ብርድ የሚጠይቁ ናቸው። ሹራብ ይልበስ ወይ፣ ጫማ ይገዛለት ወይ፣ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል ምን ላድርግ። ከሲታ፣ ፀጉረ አጭር ወይም ያረጀ ካልሆነ በስተቀር የኦክቶበር አየር ለውሻ ብርድ አይደለም፤ እንዲያውም ከጁላይ ሙቀት በኋላ እፎይ የሚልበት ጊዜ ነው። የሹራቡን ነገር ለጃንዋሪ አቆይቼዋለሁ። በፎል፣ ማለትም ቅጠል በሚረግፍበት በዚህ ወቅት፣ ውሻን ክሊኒክ የሚያመጣው መሬት ላይ ያለው ነገር ነው፤ ቅጠል ውስጥ የተደበቀው፣ ከዝናብ በኋላ የበቀለው፣ ከመኪና የፈሰሰው፣ ከልጅ እጅ የወደቀው።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ለዓመታት ከብትና በግ ሳክም ኖሬ፣ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቤት እንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። እዚህ የምጽፈው ውሻችሁን በአካል የሚያየውን ሐኪም አይተካም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቡቺ የሚባል የ4 ዓመት ፑድል ቅልቅል አለኝ። ጠዋትና ማታ ስላይጎ ክሪክ ዳር እንሄዳለን። የመዥገር ክኒኑን ሴፕቴምበር ላይ አቆምኩ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ መዥገርም የሚጠፋ መስሎኝ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ባለፈው እሑድ ጆሮው ስር አንድ ነገር ዳሰስኩ፤ ሳየው መዥገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ «ጋዝ ቀቢው፣ ራሱ ይለቃል» አለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ክብሪት ይዞ መጣ። በመጨረሻ በጥፍሬ ነቀልኩት። ላይም የሚባለው በሽታ ይዞት ይሆን? አሁኑኑ ላስመርምረው? (የቡቺ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክብሪቱን ከባለቤትሽ እጅ ተቀበይው፤ መዥገሩ ሳይለቅ የቡቺ ፀጉር ይያያዛል። ጋዙም፣ ቫዝሊኑም፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ያው ናቸው። መዥገሩ ታፍኖ እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል፣ እኛ ደግሞ የምንሽቀዳደመው ከጊዜ ጋር ነው፤ ሲጨነቅም ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። እናትሽን ግን አደራ እንዳትቆጪያት። ከላም ጡት ላይ መዥገር የሚለቅም ገበሬ ጋዝ ሲቀባ አይታ ያደገች ሰው ሌላ ምን ትበል? እኔም ተማሪ ሳለሁ የማውቀው መዥገር የከብቱን ነበር፤ ትልቅ፣ አንዳንዱ ባለ ቀለም፣ ከሩቅ የሚታይ። እዚህ ያለው ሌላ ነው።

ይኼኛው እግሩ ጥቁር፣ እዚህ ዲር ቲክ የሚሉት የአጋዘን መዥገር ነው። ያደገው እንኳ ደም ካልጠጣ የሰሊጥ ፍሬ ቢያህል ነው። ከሜይ እስከ ጁላይ የሚናከሰው ታዳጊው ሲሆን፣ ያደገው የሚወጣው በፎል ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይበዛል፤ ከዚያም በኋላ አየሩ ከበረዶ ነጥብ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ጃንዋሪ ውስጥ እንኳ ሞቅ ባለ ቀን ይንቀሳቀሳል። ሴፕቴምበር ላይ ክኒን ያቆመ ሰው ያቆመው ልክ ሊያስፈልገው ሲል ነው። በየዓመቱ ይህን የምሰማው ደግሞ ከሐበሻ ደንበኞቻችን ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

መዥገር አይዘልም፣ ከዛፍም አይወርድም። እርጥብ ቅጠል ስር ይውልና ሣር ወይም ቁጥቋጦ ላይ እስከ ጉልበት ከፍታ ወጥቶ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። የነካውን ፀጉር ይይዛል። የስላይጎ ክሪክን አስፋልት መሃል መሃሉን የሚሄድ ውሻ እምብዛም መዥገር አይዝም፤ ችግሩ፣ መሃል መሃሉን የሚሄድ ውሻ አላየሁም። ጠርዝ ጠርዙን፣ ቅጠሉ የተከማቸበትን እያሸተተ ነው የሚሄደው። ሰፈር ውስጥም ሰው ጠርጎ መንገድ ዳር የሚከምረው ቅጠል አለ። ውሻ ዘሎ ሲገባበት ለፎቶ ያምራል፤ የእኔ ብትሆን ግን አላስገባትም። ከስሩ መዥገርም፣ የሻገተ የምግብ ትርፍራፊም፣ አንዳንዴ በእኛ አካባቢ ኮፐርሄድ የሚባለው እባብም ይኖራል።

ላይም ይዞት ይሆን ላልሽው፦ ላይም በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። መዥገሩ ባክቴሪያውን የሚያገኘው ስሙን ካዋሰው አጋዘን ሳይሆን በልጅነቱ ደማቸውን ከጠጣው አይጦች ነው። መዥገር ሁሉ ባክቴሪያው የለበትም። ያለበትም ቢሆን፣ ባክቴሪያው ከሆዱ ተነስቶ ወደ ውሻው ለማለፍ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተጣብቆ መቆየት አለበት። የነቀልሽው ጠፍጣፋ ነበር ወይስ ያበጠ ግራጫ? ጠፍጣፋ ከነበረ ገና መጣበቁ ነው፣ ተረጋጊ። ያበጠ ቢሆንም ነገ ለምርመራ አትሩጪ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነቱ የሠራውን መከላከያ ስለሆነ፣ ከተነከሰ አንድ ወር ገደማ ካልሞላው ላያሳይ ይችላል። ካሌንደርሽ ላይ ቀኑን ጻፊው።

ባክቴሪያው ከገባባቸው ውሾችም አብዛኞቹ ሳይታመሙ ይኖራሉ። ምልክት ከመጣ የሚመጣው ከ2 እስከ 5 ወር ቆይቶ ነው፤ ያኔ የመዥገሩን ነገር ሁሉም ሰው ረስቶታል። ዛሬ የፊት ቀኝ እግሩን ያነክሳል፣ ሰንብቶ ደግሞ የኋላ ግራውን። ሰውነቱ ይተኩሳል፣ ምግብ ይተዋል። ያን ጊዜ «ኦክቶበር ላይ መዥገር ነበረበት» ብለሽ ከጀመርሽ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ አቀለልሽለት። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ለአንድ ወር ገደማ ይሰጠዋል፤ አብዛኞቹ በጥቂት ቀን ውስጥ እግራቸውን ያስተካክላሉ። ጥቂቶች ላይ፣ በተለይ ላብራዶርና ጎልደን ላይ፣ በሽታው ኩላሊት ይነካል። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ የሚያስመልስ፣ የሚከሳ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ለውሾች የላይም ክትባት አለ፤ ስላይጎ ክሪክ ዳር በየቀኑ ለሚውል ውሻ እኔ እደግፈዋለሁ፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። ከእግር ጉዞ ስትመለሱ ማሰሪያውን ከመፍታትሽ በፊት መብራት ስር አቁሚው። በፑድል ፀጉር ውስጥ ዓይን ምን ያያል፣ ጣት ነው የሚያገኘው። የጣቶችሽን ጫፍ ቆዳው ድረስ አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ ጎትቺ። ከጆሮው ጀምሪ፤ ውስጡን ገልብጠሽ፣ ከኋላው ያለውን እጥፋትም ዳስሺ። የአንገት ቀበቶውን አውልቂው፣ ከስሩ መደበቅ ይወዳሉ። ከዚያ ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጭራውን ስር፣ በመጨረሻም የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ከፍተሽ መሃል መሃላቸውን። ጠንከር ያለ ትንሽ ነገር ከነካሽ ፀጉሩን ለይተሽ እዪ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ የጡት ጫፍም ሊሆን ይችላል። ወንድ ውሻም የጡት ጫፍ አለው፤ ክሊኒክ ድረስ መጥተው «መዥገር ነው፣ ንቀልልን» ብለው የሚከራከሩኝ ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው። መዥገር ከሆነ ከቆዳው አጠገብ ትናንሽ እግሮች ይታያሉ።

ለመንቀል ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያስፈልግሻል። ሆዱን አትያዢ፤ ቆዳው ውስጥ የገባበትን ራሱን ይዘሽ፣ ሳታጣምሚ፣ ሳትነቀንቂ፣ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። መጀመሪያ ቆዳው አብሮ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። ጥቁር የአፉ ቁራጭ ከቀረ በመርፌ እንዳትቆፍሪ፣ ቆዳው ራሱ ያወጣዋል። መዥገሩን በጥፍር አትጨፍልቂ። አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨምሪው፣ ቦታውንና እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ።

ክኒኑን ዛሬ መልሺለት። መዥገሩን የሚገድለው ከተነከሰ በኋላ ነው፣ ግን ባክቴሪያው ለማለፍ ጊዜ ሳያገኝ ይደርስበታል። በየወሩ የሚሰጥ አለ፣ 12 ሳምንት የሚቆይም አለ፤ መርሳት ለሚቀናው ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ቡቺ ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ታይቶበት ከሆነ ሐኪምሽ ይወቅ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እነዚህ ክኒኖች አንዳንድ እንስሳት ላይ መንቀጥቀጥና መውደቅ ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ለመቆጠብ ብለሽ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠበውን ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ድመት አለች ወይ? ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሲያትል ከልጄ ጋር ነው ያለሁት። እነሱ ሥራ ሲውሉ ውሻውን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በየዛፉ ስር እንጉዳይ ፈልቷል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ነጣ ያለውን አፉ ውስጥ ከተተው፤ ግማሹን አወጣሁ፣ ግማሹን ዋጠ። ወተት አጠጣሁት፣ እስካሁን ደህና ነው። ለልጄ አልነገርኳትም። ዝም ብዬ ልየው? (አንዲት እናት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ እማማ፣ መልእክትዎ እንደደረሰኝ እስከ ኅትመት አልጠበቅኩም፤ ወዲያው ደውዬ ልጅዎን እንዳነጋገርኳት ያውቃሉ። ውሻው ለጉበቱ ተመርምሮ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ልጅዎም አልተቆጣችም፣ አይደል? እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ነው።

«እስካሁን ደህና ነው» የሚለውን አትመኑ። ዴዝ ካፕ የሚባለው የሞት እንጉዳይ ሲያትል ውስጥ አለ። ከአውሮፓ ከመጡ ዛፎች ጋር የገባ ነው፤ ጫካ መሄድ ሳያስፈልግ በየመንገዱ ዳር ከተተከሉ ዛፎች ስር ይበቅላል። ባርኔጣው ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ያደላ ነጣ ያለ፣ አገዳው ላይ ቀለበት ያለው፣ ስሩ ደግሞ አፈር ውስጥ በከረጢት የተሸፈነ ነው። የበላው ውሻ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምንም አይመስልም። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ከዚያ ደግሞ የተሻለው ይመስላል፤ ባለቤቱ ተመስገን ብሎ ይተኛል፣ በዚያ ሰዓት ጉበቱ እየሞተ ነው። ሕክምናው የሚሠራው ገና ደህና እያለ ሲጀመር ነው። መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውም፤ ይህን የምጽፈው በሰው አገር ሜዳ ላይ እንጉዳይ ለቅመው ወጥ ለሚሠሩ ዘመዶቻችን ጭምር ነው።

ወተቱን በተመለከተ፦ መርዝ የጠጣን ሰው ወተት ማጠጣት አያቶቻችን ያቆዩልን ነው፣ በደግነት የሚደረግ ነው፣ የእንጉዳይን መርዝ ግን አይነካውም። ውሻውን ተቅማጥ ሊያስይዘውና ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። ጨው አጠጥቶ ማስመለስ ደግሞ ራሱ ይመርዘዋል። የሚሻለው ይህ ነው፤ አፉ ውስጥ ያለውን ያውጡ፤ የቀረውን እንጉዳይ ከነስሩ ቆፍረው በወረቀት ከረጢት ይያዙ፣ በፕላስቲክ ከሆነ ይበሰብሳል። ከላይም ከስርም ፎቶ አንሱት። ከዚያ ወደ ክሊኒክ እየሄዳችሁ ስልክ። ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር የመርዝ ስልክ መስመር 888-426-4435 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ያስከፍላል፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ ልጅዎ በሌላ ስልክ ትግባ።

ለነገው ደግሞ ማሰሪያውን አሳጥረው ይያዙት። ኪስዎ ውስጥ ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ ይዘው፣ ወደ እንጉዳይ ሲያዘነብል «ተው» ብለው ዶሮዋን ያሳዩት፤ ሲመለስ ይስጡት። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ስላስተማሩት አይጨነቁ፣ ዶሮ ከያዙ በአማርኛም ይሰማል።

ጥያቄ፦ ፍሬድሪክ አካባቢ ገጠር ነገር ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ውሻችንን የሚያብለጨልጭ ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሳ ነው የምታወጣው። ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ነው። የግድ ነው? (የተሳቀበት ባል)

መልስ፦ ይሳቁ። ሜሪላንድ ውስጥ አጋዘን በቀስት ማደን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይፈቀዳል፣ ዋናው የጠመንጃ ወቅት ደግሞ ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ይከፈታል። ቡናማ ውሻ ቡናማ ቅጠል ውስጥ ሲሮጥ አዳኝ ምን እንደሚያይ አስበው። አንተም ብርቱካናማ ልበስ።

ኖቬምበር የአጋዘን የመራቢያ ወቅት ነው፤ ወንዱ ሴት ሲያሳድድ መንገድ አያይም፣ ውሻህ ደግሞ እሱን ያሳድዳል። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የማታው ሽርሽራችሁ ጨለማ ውስጥ ይወድቃል። በጨለማ ብርቱካናማው ብቻውን አይታይም፣ ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብ ወይም አንገቱ ላይ የሚበራ አምፖል ጨምርበት። ያቺን እየተፈታች የምትረዝመውን ማሰሪያ ደግሞ ለቀን ተዋት። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ እንኳ ከ6 ጫማ ያልበለጠ ነው የሚለው።

ጥያቄ፦ 10 ዓመቴ ነው፣ እናቴ ናት የምትጽፍልኝ። ለሃሎዊን ውሻዬን ላይካን ይዣት ከረሜላ ልሰብስብ? ልብስም ገዝተንላታል። (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ የኔ ጎበዝ፣ ልብሱን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረህ በትንሽ በትንሹ አልብሳት፤ ከቆመችና ጭራዋን ከደበቀች አልወደደችውም፣ ያለ ልብስ ትሂድ። ዓይኗን የሚሸፍን ነገር አይሁን። ከአንተ ጋር ትልቅ ሰው ይኑር፤ ጭንብል ያደረገ ሰው ድንገት ሲመጣባት ልትደነግጥ ትችላለች። የከረሜላው ባልዲ ከእሷ አፍንጫ በላይ ይሁን። ቸኮሌት ውሻን ያሳምማል፤ ጥቁሩ ከወተቱ ቸኮሌት ይብሳል። ዘቢብም ኩላሊቷን ይጎዳል። ከሁሉ የሚብሰው ስኳር የሌለው ማስቲካ ነው። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ይገባበታል፤ ትንሹ እንኳ የውሻን የደም ስኳር ጥሎ ራሷን ያስታታል። ከበላች ለእናትህ ያኔውኑ ንገራት፣ ወረቀቱንም አትጣለው።

ለእናት፦ የዚያን ምሽት በሩ መቶ ጊዜ ይከፈታል። ቤት የምትቀር ከሆነ በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ ትሁን፣ አንገቷ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ይኑር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምኖረው አርሊንግተን ነው፣ ሥራዬ ታክሲ ነው። ክረምት ሳይገባ የመኪናዬን ኩላንት ራሴ ነኝ የምቀይረው። ትንሽ ፓርኪንግ ላይ ፈሰሰብኝ፤ ውሃ ደፋሁበት። ውሻዬ ሲያሸተው አየሁ፣ አልላሰም። የጎረቤትም ውሾች አሉ። ውሃው በቂ ነው? (ሹፌሩ)

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ውሃው ኩሬውን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በአብዛኛው አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ኩላንት፣ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ ውሻ ይወደዋል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ማለት ነው፣ ሊገድለው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይንገዳገዳል፣ ያስመልሳል፣ ውሃ ይጠማዋል። ከዚያ ቀና ይላል። በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ኩላሊቱ ይቆማል። ማርከሻ አለው፣ ፎሜፒዞል ይባላል፤ ለውሻ የሚሠራው ግን ከላሰ በመጀመሪያዎቹ 8 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ውሻህ እርግጠኛ ሆነህ አልላሰም ካልክ መልካም፤ ጥርጥር ካለህ ይህን መጽሔት አስቀምጠህ ደውል።

የፈሰሰውን የድመት አሸዋ በብዛት አፍስስበት፣ እስኪመጥጠው ተወውና ጠርገህ በከረጢት አስረህ ጣል። ከዚያ ነው በሳሙናና በብዙ ውሃ የሚታጠበው። በሚቀጥለው ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ግዛ፤ መርዝነቱ በጣም ያነሰ ነው፣ ያም ሆኖ አይላስም። ከራዲያተሩ የወጣውን አሮጌ ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን አድርገህ የመኪና ዕቃ ሱቅ ወይም የካውንቲው መጣያ ይቀበልህ እንደሆነ ጠይቅ፤ ቦይ ውስጥ አታፍስስ።

ፓርኪንግ ላይ ካለ ኩሬ ደግሞ መቼም አታጠጣው። አንቲፍሪዝ ባይኖርበት የአይጥና የራኩን ሽንት አለበት፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በዚያ ነው የሚመጣው፣ ሰውንም ይይዛል። ክትባት አለው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ከቤት ስትወጣ አንድ ጠርሙስ ውሃና የምትታጠፍ ሳህን ታክሲህ ውስጥ አስቀምጥ፤ ለራስህም ትሆናለች፣ ሳህኗን ግን ለይ።